የሌለ አገር ሕገ መንግሥት

ሰው ሹመት የሚወደው ለጥቅሙ ነው የሚል ካለ የእኛን ክልል አላየም። እኛ ዘንድ ፕሬዚዳንት ነበረ፤ ምክትል ነበረው፤ ሚኒስትሮች፣ ሴኔት፣ አፈ ጉባኤ፣ ሦስት ዳኞች፣ የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ማንም የማያስታውሰው አንድ የባህል አማካሪም ነበሩ። ደሞዝ የለም። መኪና የለም። ቤት የለም። የሚታረስ መሬትና የሚገዛ ሕዝብም የለም። በዚህ ባዶ ላይ የነበረው ሽኩቻ ግን ለአንድ መካከለኛ አገር ይበቃ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክስ ባሪ የሚባል አውስትራሊያዊ ልብ ወለድ ጸሐፊ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ፣ «ጄኒፈር ገቨርንመንት» የተባለው መጽሐፉ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ለማስታወቂያ ይሆነኛል ብሎ «ኔሽንስቴትስ» የሚባል የኢንተርኔት ጨዋታ ሠራ። መጽሐፉ በ2003 ወጣ፣ ተነበበ፣ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ማስታወቂያው ግን እስከ ዛሬ አለ። አጨዋወቱ ቀላል ነው። አገር ትፈጥራለህ፤ ስም፣ መፈክር፣ ገንዘብና ብሔራዊ እንስሳ ትመርጥላታለህ። ከዚያ አማካሪዎችህ ችግር ይዘው ይመጡብሃል። በየችግሩ ላይ ሁለት ሦስት ሰው ሐሳቡን ይሰጣል፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያበዱ ናቸው፤ አንደኛውን እብድ መርጠህ ትፈርማለህ። ለድሃ አዝነህ የፈረምከው በማግሥቱ ኢኮኖሚህን ሲያንኮታኩተው፣ ለነጋዴ አዝነህ የፈረምከው ደግሞ ወንዝህን ሲበክለው ታያለህ።

እኔም አንድ ሰሞን ሥራ ቀዝቅዞ ወንበር ላይ ስቁለጨለጭ አገር መሠረትኩ። ብሔራዊ እንስሳዋ ጭላዳ፣ ገንዘቧ አሞሌ ሆነ። ስሟን እንተወው፤ ጠላት ያላት አገር ናት። ገና ስትወለድ ሚሊዮኖች ዜጎች ነበሯት፤ አንድም ሆስፒታል ሳልሠራላቸው በየቀኑ ይበዙ ነበር። እናቴ አንድ ማታ ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች።

«አገር እያስተዳደርኩ።»

«ይከፍሉሃል?»

«አይከፍሉም።»

«ታዲያ ማን ላከህ?»

ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ብዙ መንግሥታትም የላቸውም።

አገር ብቻዋን አትኖርም፤ አገሮች በክልል በክልል ይሰባሰባሉ። ክልሉን ያቋቋመው ሰው መሥራች ይባላል። ከእሱ ቀጥሎ ቁልፉ ያለው በክልሉ ተወካይ እጅ ነው። ተወካይ ለመሆን የዓለም ጉባኤ የሚባለው ማኅበር አባል መሆን ያስፈልጋል። በክልሉ ያሉ የጉባኤው አባላት አንዱ ለሌላው ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ብዙ ድጋፍ ያገኘው ተወካይ ይሆናል። ሰው አገር እንደ ልቡ ቢፈለፍልም ለዓለም ጉባኤ ማስመዝገብ የሚችለው አንዷን ብቻ ነው።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ይህ የዓለም ጉባኤ ድሮ ስሙ «የተባበሩት መንግሥታት» ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ከእውነተኛው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት «ስሜንና ዓርማዬን አትጠቀም» የሚል ደብዳቤ መጣና ስሙ ተቀየረ። ብዙ ተጫዋች ተናደደ። እኔ ዘግይቼ ስሰማው ኮራሁ። ያን ያህል ጦርነት ባለበት ዓለም፣ ያ ሁሉ የሰላም አስከባሪ ጉዳይ ጠረጴዛው ላይ እያለ፣ ስለ እኛ ደብዳቤ ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ጨዋታው ድጋፍ የሚቆጥረው በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ሰዓት እኩለ ሌሊትና እኩለ ቀን ላይ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ለአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ጠዋት 1 ሰዓትና ምሽት 1 ሰዓት ላይ ይውላል። አሜሪካኖቹ ዓይናቸውን እያሹ የሚጠብቁትን የሥልጣን ሽግግር እኔ ሻይ እየጠጣሁ አያለሁ። ይህ ሰዓት በኋላ ጣጣ አመጣብኝ፤ እደርስበታለሁ።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ግን ይህ ነው፤ በእኛ ጊዜ ጨዋታው የሚያውቀው መሥራችንና ተወካይን ብቻ ነበር። ፕሬዚዳንት አያውቅም። ሴኔት አያውቅም። ዳኛ አያውቅም። ሰው ከክልል የሚያስወጣ፣ የሚያግድ፣ በሩን በይለፍ ቃል የሚዘጋ ቁልፍ ያለው በመሥራቹና በተወካዩ እጅ ነው። ተወካዩ ከሥልጣኑ ቆርሶ ለፈለገው ያካፍላል፤ ቆራሹ ግን እሱ ነው። ሕገ መንግሥት የሚባለው ነገር ሁሉ ሰዎች ከጨዋታው ውጭ ተሰብስበው የጻፉት፣ ጨዋታው ራሱ አንብቦት የማያውቀው ወረቀት ነው።

የእኛ መሥራች ጠፍቶ ነበር። በዚህ ዓለም 28 ቀን ብቅ ያላለ ሰው አገሩ ትጠፋለች፤ ዕረፍት ላይ ነኝ ብሎ ካስታወቀ 60 ቀን ይታገሡታል። እሱ ዕረፍትም አልጠየቀም። ፈተና ደርሶበት ይሁን ፍቅር ይዞት አይታወቅም፤ አንድ ጠዋት የለም። ከእሱ በኋላ ክልሉ መሥራች አልነበረውም። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2023 መዋቅሩን ከልሶ መሥራቹን «ገዢ» አለው፤ የሚተካውን ሰው ቀድሞ እንዲሰይምም ፈቀደለት። ለእኛ ግን ረፍዶ ነበር። በእኛ ጊዜ መሥራች የሌለው ክልል በሩ ላይ መቀርቀሪያ የሌለው ቤት ነው፤ የቀረው አንድ ዘበኛ ተወካዩ ብቻ።

ወደ መንግሥታችን ልመለስ። ችግሩ ሹመቱ ከተሿሚው መብለጡ ነበር። በየዕለቱ ብቅ የሚለው ሰው ከሚኒስትሮቹ ቁጥር ያንሳል። ስለዚህ አንዱ ሰው ጠዋት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ከሰዓት ዳኛ፣ ማታ ደግሞ መንግሥትን አጥብቆ የሚተች ዓምደኛ ይሆናል። አንድ ጊዜ ይኸው ሰው ሚኒስትር ሆኖ የፈጸመው ጉዳይ ዳኛ ሆኖ ወደሚያስችልበት ችሎት መጣ። ጨዋ ሰው ስለሆነ ከችሎቱ ራሱን አገለለ። ሲያገል ምልዓተ ጉባኤው ፈረሰ። ምልዓተ ጉባኤው ሲፈርስ ተተኪ ዳኛ የሚሾመው ሴኔቱ ነው፤ ሴኔቱ ደግሞ ከተሰበሰበ ቆይቷል፤ አፈ ጉባኤው አግብቷል ተባለ።

የመዋቅር ማሻሻያ ጉባኤ ተጠራ። የፖለቲካ ሳይንስ የሚማር እንግሊዛዊ ፓርላማና ጠቅላይ ሚኒስትር ፈለገ። የሕግ ተማሪ የሆነ አሜሪካዊ የሥልጣን ክፍፍል ፈለገ፤ ስለ ሕገ መንግሥታቸው አባት ስለ ጄምስ ማዲሰን ሲያወራ አብሮት ያደገ ይመስላል። አንድ የሰሜን አውሮፓ ሰው ሴኔቱም ፕሬዚዳንቱም ቀርተው ሁሉም ሰው በሁሉም ነገር ላይ ድምፅ ይስጥ አለ። ከየት እንደሆነ ነግሮን የማያውቅ አራተኛ ሰው ደግሞ በቀረበው ሁሉ ላይ ተቃውሞ ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ ሲጠየቅ «ለመርህ» ይላል። እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ። ምክንያታቸው እነሱ ሲተኙ እኔ ነቅቼ መገኘቴ ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የተከራከርነው ስለ መግቢያው ነበር፤ «እኛ የክልሉ ሕዝቦች» ወይስ «እኛ የክልሉ አገሮች»። ሕዝብ እንደሌለን ሁላችንም እናውቃለን።

እኔም ከቤቴ አንድ ነገር ላዋጣ ብዬ ሽማግሌዎች ይኑሩን አልኩ። ሁለት ሰው ሲጣላ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ሁለቱም የሚያከብሩት ሰው ቁጭ አድርጎ ያነጋግራቸው። ሐሳቡ በጣም ተወደደ። ከዚያ ጥያቄው ወረደ። የሽማግሌው የሥራ ዘመን ስንት ወር ነው? ውሳኔው ይግባኝ አለው? እጩ ሽማግሌ የምርጫ ዘመቻ ማካሄድ ይፈቀድለታል? ሰው ሽማግሌ የሚሆነው ስለሚሰማ ነው፣ የማይሰማ ከሆነም ማንም ሳይሽረው በራሱ ጊዜ ይቀራል ብዬ አስረዳሁ። አሜሪካዊው ከልቡ፣ «ይህ በአንቀጽ እንዴት ይጻፋል?» ብሎ ጠየቀኝ። በመጨረሻ ሽማግሌነት ዘጠኝ አንቀጽ፣ የማመልከቻ ቅጽና የአራት ወር የሥራ ዘመን ያለው መሥሪያ ቤት ሆኖ ወጣ። አመልካች አልተገኘም።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሚልዋኪ ከተማ፣ አሜሪካ፣ ሮበርት ቤን ማዲሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ የመኝታ ክፍሉን ታሎሳ ብሎ ሰየመና ነፃ መንግሥትነቷን አወጀ፤ ንጉሧም ራሱ ሆነ። ሌላ ልጅ ቢሆን እራት ሲጠራ ይተወው ነበር። እሱ ግን ቋንቋ ፈጠረላት። ኢንተርኔት ሲመጣ ደግሞ በአካል ተያይተው የማያውቁ ዜጎች ከየአገሩ ገቡ። ዜጋ ሲኖር ተቃዋሚ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከንጉሡ ጋር ያልተስማሙት ተገንጥለው ሪፐብሊክ አወጁ፤ በተከታዩ ዓመት ንጉሡ ዙፋኑን ለቀቀ፤ ሪፐብሊኩና ንጉሣዊው መንግሥት ተመልሰው የተዋሃዱት ግን በ2012 ነው። ከአንድ መኝታ ክፍል በተነሳ ነገር ስምንት ዓመት ተኳርፈው ኖሩ። ይህን ለጉባኤው የነገርኩት እንዲስቁ ነበር። እንግሊዛዊው፣ «የውህደቱ ስምምነት ጽሑፍ የት ይገኛል? ለእኛም ይጠቅመናል» አለ።

አልፎ አልፎ ብቻ የሚናገር አንድ አንጋፋ ተጫዋች ነበረን። እሱ ደግሞ ሌላ ታሪክ አመጣ። አዲስ አገሮች የሚወለዱባቸው ስማቸው በፓሲፊክ የተሰየመ ትልልቅ ክልሎች አሉ፤ መሥራች የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከእነሱ በአንዱ፣ «ዘ ፓሲፊክ» በሚባለው፣ አንድ ተጫዋች ተወካይነቱን ያዘና የተቃወሙትን ጠራርጎ አስወጥቶ አዲስ ሥርዓት አወጀ። ሥርዓቱ ከእሱ በኋላም ለብዙ ዓመታት ቆመ። ያኔ ሰው ማስወጣት ለተወካዩ ምንም አያስከፍለውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ጨዋታው «ተጽዕኖ» የሚባል ሒሳብ አመጣ፤ በክልሉ ብዙ የኖረን ሰው ለማስወጣት ተወካዩ ካጠራቀመው ብዙ ይቆረጥበታል። ነባሩ ሰው ትንሽ ተከበረ። አዲስ ገቢው ግን እንደ ድሮው በርካሽ ይባረራል። «ዘ ኖርዝ ፓሲፊክ» በበኩሉ ተወካዩን በየአራት ወሩ በምርጫ ይሰይማል፤ ከጎኑም ብዙ ድጋፍ ያላቸው የታመኑ ሰዎችን የደህንነት ምክር ቤት አድርጎ ያቆማል፤ ተወካዩ አልለቅም ካለ የሚተካው እንዳይጠፋ ነው።

አንጋፋው ንግግሩን የዘጋው እንዲህ ብሎ ነበር፤ «እዚህ የምትጽፉትን ሁሉ ተወካዩ ባይፈልገው፣ ሻይ አፍልቶ ሳይጨርስ ያፈርሰዋል።»

የእኛ ተወካይ ይህን ሁሉ ያነብ ነበር። ዝምተኛ ነው። ዕድሜውንም አገሩንም አናውቅም። በጉባኤው ላይ ተናግሮ አያውቅም። ሥራው አዲስ ለገባ ሰው ሰላምታ መጻፍ፣ እንዴት እንደሚጫወቱ ማሳየት፣ ለተደገፈው ድጋፍ መመለስ ነው። በረቂቁ ውስጥ «ተወካዩ የሴኔቱ አገልጋይ ነው፤ ያለ ሴኔቱ ፈቃድ ማንንም ከክልሉ አያስወጣም» የሚል አንቀጽ አስገባን። አነበበውና «ይሁን» አለ። በዓመቱ ውስጥ ከእሱ የሰማነው ይህችን ብቻ ነው።

ረቂቁ ሲያልቅ አሜሪካዊው ሁለት የመሸጋገሪያ አንቀጾች ጨመረ። አንደኛው፣ ድምፅ መስጠቱ በተጀመረበት ቅጽበት ነባሩ ሴኔትና ፕሬዚዳንት ይሰናበታሉ፤ የድሮው መንግሥት በአዲሱ ምርጫ ላይ እጁን እንዳያስገባ። ሁለተኛው፣ ውጤቱ የሚጸናው ጸሐፊው ሲያውጀው ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው የሐሰት ውጤት እንዳያውጅ። «ጸሐፊው ቢታመምስ?» አልኩ። «አንተ ታመህ አታውቅም» አሉኝ። በድምፅ ተሸነፍኩ። ድምፅ መስጠቱ በሰኔ 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከፈተ።

ሰኔ 2011 አዲስ አበባ የነበረ ሰው ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። አንድ ጠዋት ስልኬን ባነሳ ኢንተርኔት የለም። የቤቱም የለም፤ የቢሮውም የለም፤ የጽሑፍ መልእክት እንኳ አይሄድም። ካፌ ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ጣሪያው እያነሳ ያያል። ምክንያቱን በግልጽ የነገረን አልነበረም፤ ብዙ ሰው ግን ከብሔራዊ ፈተናው ጋር አያያዘው። አያያዡ ከሜዳ አልመጣም፤ በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት አፈትልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ከተበተነ በኋላ ለድጋሚው ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘግቶ ነበርና። መለስ ሲል ደስ አለኝ፤ ሰኔ 15 ከፍተኛ ባለሥልጣናት ከተገደሉበት ሐዘን በኋላ ግን እንደገና ጠፋ። በዚያን ጊዜ ስለ ጨዋታ ማሰብም ነውር ነበር፤ አላሰብኩምም።

በመካከል በነበረችው ክፍተት ግን ገብቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። ክልላችን መንግሥት አልነበረውም። አሮጌው በአንቀጹ መሠረት ተሰናብቷል፤ አዲሱ በአንቀጹ መሠረት አልተወለደም፤ አዋላጁ እኔ ነኝ፤ እኔ የለሁም። ጥቂት ቀን ጠብቀዋል። ከዚያ ጠርጥረዋል። ከዚያ ከስሰውኛል። ክሱ «በዝምታ የተካሄደ መፈንቅለ መንግሥት» ይላል። ሌላ ጊዜ ሦስት ሰው የማያስተባብር ክልል አራት ገጽ የክስ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። የጋዜጣው ርእሰ አንቀጽ እኔን ከሮማ ቄሣሮች ጋር ያወዳድረኛል። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ዐቃቤ ሕግ ሆኗል፤ ሁለተኛው ለአዲሱ ሴኔት ለመወዳደር ለቋል፤ የቀረው አንድ ዳኛ ብቻውን መወሰን እንደማይችል ብቻውን መወሰን ይችል እንደሆነ እያጠና ነው።

እኔም መልስ ጻፍኩ። በአገሬ ኢንተርኔት በሙሉ ተቋርጦ ነበር፤ ሰው የሚለው ተማሪዎች ፈተና እንዳይኮርጁ ነው አልኩ። ጸጥ አሉ። ከዚያ እንግሊዛዊው፣ «ይቅርታ፣ ይህ ጨዋታው ከሚያመጣቸው ችግሮች አንዱ ነው ወይስ በእውን የሆነ?» አለ። የሰሜን አውሮፓው ሰው ደግሞ የትኛውን አማራጭ እንደመረጥኩና ኢኮኖሚዬ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እውነት ነው ብዬ ብምል ማን ይመነኝ? ነገሩ ቁርጥ የጨዋታውን አማካሪዎች ይመስላል፤ አንደኛው እብድ ተነስቶ «ፈተናው እንዳይሰረቅ የአገሩን መስመር በሙሉ እንቁረጥ» ይላል፤ አንተ ትፈርማለህ። ክሱ ሳይዘጋ ሐምሌ ገባ። በዚያው ክረምት የአገሬ ጠቅላይ ሚኒስትር ለጋዜጠኞች ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም አሉ። ዜናውን ተርጉሜ ለችሎቱ አቀረብኩ፤ በመከላከያ ማስረጃነት ተያያዘልኝ። ሐሰት ነው ያለ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ከአእምሮው አይፈጥረውም ተባለ። ነፃ ወጣሁ፤ ይኸውም ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ነገር ያስተዋለ አልነበረም። መንግሥት ባልነበረባቸው በእነዚያ ሳምንታት ክልሉ ምንም አልሆነም። አዲስ ገቢው ሰላምታ ይደርሰዋል፤ የጠየቀ ይመለስለታል፤ ድጋፉ ይቆጠራል። ተወካዩ በየጠዋቱ የሚሠራውን ይሠራል። እኔ ይህን ሳነሳ እንግሊዛዊው ተበሳጨ። «እሱ መንግሥት አይደለም» አለኝ። ውጤቱን አወጅኩ፤ ሕገ መንግሥቱ በሰፊ ልዩነት ጸድቋል። ለመርህ የተቃወመው ያው ሰው ነው።

አዲሱ ሴኔት ተመረጠ፤ እኔም ገባሁ። ከዚያ መስከረም ላይ ወራሪ መጣ። በዚህ ጨዋታ ወረራን ሙያ ያደረጉ ቡድኖች አሉ፤ እነሱን መከላከልን ሙያ ያደረጉም አሉ። ቀላሉ ወረራ ከቆጠራው ጥቂት ሴኮንድ በፊት ግልብጥ ብሎ ገብቶ ለአንድ ሰው ድጋፍ መስጠት ነው። ተንኮለኛው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት አዲስ አገር ይገባል፤ ሰላምታ ይቀበላል፣ ያመሰግናል፣ ጎረቤት ይመስላል። ከዚያ አንድ ምሽት ሁሉም ከመካከላቸው ለአንዱ ድጋፋቸውን ያዋጣሉ፤ የእኛ ሰዎች ደግሞ በየዋህነት ቀድመው ደግፈውታል።

ተወካዩ የነቃው ለምሽቱ 1 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ነው። ለሴኔቱ ጻፈ። ሴኔቱ ማለት በዚያ ሰዓት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። እንግሊዛዊው ክፍል ውስጥ ነው፤ አሜሪካዊው ምሳ ላይ። መልስ አላገኘም። ተወካዩ ቁልፉን ተጫነ። አዲስ ገቢ የሆኑትን አንድ በአንድ አስወጥቶ አገዳቸው። ቆጠራው አለፈ፤ ክልሉ ተረፈ። እኔ ቤት ስደርስ ግጥምና ምስጋና እየጎረፈለት ነበር።

በማግሥቱ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ከተባረሩት አንዱ ወራሪ አልነበረም። ጨዋታውን ከጀመረ ሳምንት ያልሞላው፣ ከአጻጻፉ ገና ተማሪ መሆኑ የሚታወቅ ልጅ ነው። ምን አጥፍቼ ነው፣ የትኛውን ደንብ ነው የጣስኩት፣ ይቅርታ የምጠይቀውስ ማንን ነው ይላል። የጻፍነው አንቀጽ የተጻፈው ለዚህ ልጅ ነበር። ለመርህ የሚቃወመው ሰውዬ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የድጋፍ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ተወካዩ ይጠየቅ አለ።

ክልሉ ለሁለት ተከፈለ። እንግሊዛዊው፣ ቤት ሲቃጠል ውሃ ለመድፋት ፈቃድ አይጠየቅም አለ። አሜሪካዊው፣ ውሃው የጎረቤቱን ሕፃን ይዞት ከሄደስ አለ። እኔ ሕጉን ጥሷል ብዬ ድምፅ ሰጠሁ። ብዙ ሰው ተቀይሞኝ ከረመ፤ «አዳነን፣ አንተ ፈረድክበት» ተባልኩ። ዛሬም ድምፁ ቢጠየቅ ያንኑ እሰጣለሁ። ያዳነን ሰው ሕግ ቢጥስ የማይጠየቅ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ጣሽ ሁሉ አዳኝ ነኝ ብሎ ነው የሚመጣው። «ዘ ፓሲፊክ»ን የወሰደውም ሰው ራሱን ሌባ ብሎ አላስተዋወቀም።

ሴኔቱ በጠባብ ልዩነት ተወካዩ ቦታውን ይልቀቅ ብሎ ወሰነ። ከዚያ ሁላችንም ፈራን። የሚያስለቅቀው ነገር የለንምና። በስሙ ላይ ያለው ድጋፍ የሁላችንንም እጥፍ ነው፤ በዓመታት ያጠራቀመው ተጽዕኖ ሴኔቱን በሙሉ ጠርጎ ለማስወጣት ይበቃዋል፤ ውሳኔያችን የተጻፈው ጨዋታው በማያነበው ወረቀት ላይ ነው።

እሱ ግን ለደጋፊዎቹ ሁሉ አንድ አጭር መልእክት ላከ። ድጋፋችሁን ከእኔ አንስታችሁ ለተመረጠው ተኪ ስጡ ይላል። ያልሰሙትን በግል ጻፈላቸው፤ የዘገዩትን ለመናቸው። ከሥልጣን መውረድ በዚህ ጨዋታ በአንድ ጀምበር አይሆንም፤ ሰው ሰው እየለመኑ ነው። ቁጥሩ በየቆጠራው ሲቀንስ፣ የተኪው ሲጨምር እናይ ነበር። ለታገደውም ልጅ እገዳውን አንስቶ ይቅርታ ጻፈለት፤ ልጁ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ነው የዚያ ሁሉ ወር ክርክር ምን እንዳመጣ የገባኝ። ስለ መግቢያው የተጣላነው፣ ዘጠኝ አንቀጽ ለሽማግሌ የጻፍነው፣ ምልዓተ ጉባኤ የቆጠርነው፣ አንዱም ያን ሰው የሚያስገድድ አልነበረም። ሊያስገድድም አይችልም። ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ከዓመት በፊት በሁላችን ፊት «ይሁን» እንዲል አድርጎታል፣ ከዚያ ደግሞ የትኛው መስመር ላይ እንደቆመ ሁላችንም እያየን ነው የወሰነው። አንቀጹ ባይጻፍ ኖሮ ልጁ የሚያመለክትበት፣ እኛ የምንጠይቅበት፣ እሱም ለቅቄያለሁ የሚልበት ነገር አይኖርም ነበር። አንጋፋው ተጫዋች ሻይ ሳያፈላ ያፈርሰዋል ያለው እውነት ነው። አላፈረሰውም፤ ይኸኛውም እውነት ነው፤ በዚህኛው ላይ ግን ማንም ንግግር አላደረገም።

የቀድሞው ተወካይ አሁን ተራ አገር ነው። እኔ ደግሞ ማካካሻ ይሆናል ብዬ የማሻሻያ ሐሳብ አቀረብኩ፤ በአስቸኳይ ጊዜ ተወካዩ ያለ ፈቃድ ማስወጣት ይችላል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ስለ እያንዳንዱ ሰው ምክንያቱን ለሴኔቱ ያስረዳል። ሁሉም ደገፈ። ለመርህ የሚቃወመው ሰው እንኳ ደገፈ። አንድ ብቻ የተቃውሞ ድምፅ ተመዘገበ፤ የራሱ የቀድሞው ተወካይ። ምነው ብዬ ጻፍኩለት። የመለሰልኝ ከዚያ በፊት ከጻፈው ሁሉ የረዘመ ነበር፤ «ይህን ስትጽፍ እኔን እያሰብክ ነው። የማታምነውን ሰው እያሰብክ ጻፈው።»

ረቂቁን መልሰን ከፈትነው። አስቸኳይ ማለት ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያውጀው፣ ያለ ጥፋቱ የተባረረ ሰው ለማን እንደሚያመለክት ገና እየተከራከርንበት ነው። የጸሐፊነቱን ቦታ ግን ለሰሜን አውሮፓው ሰው ለቀቅኩ፤ እሱ አገር ፈተና የሚሰጠው ኢንተርኔቱ ሳይጠፋ ነው አሉ።